«ምናልባት» የምትለው ቃል የት ጠፋች?

ያልተጣራ ወሬ መንዛት ነውር እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው። ወሬው እስኪጣራ ብንጠብቅ ነገሩ ራሱ የሚያመልጥ ቢሆንስ? ከጎረቤት ቤት ጭስ የሸተተው ሰው «እሳት መሆኑን ላረጋግጥ» ብሎ ቢቀመጥና ቤቱ ቢቃጠል፣ ጥንቃቄው ጥንቃቄ ይባላልን? በተቃራኒው ደግሞ «እሳት!» ብሎ ሰፈሩን ቀስቅሶ የተገኘው የዕጣን ጭስ ቢሆን፣ ያ ሰው ዋሽቷል ልንል ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ ዛሬ ከሰፈር አውጥቼ ወደ ሰማይ ልወስደው ነው። በሰፈራችን ወሬ ሁላችንም ወገን አለን፤ የምንወደው ሲነካ «ይጣራ» እንላለን፣ የምንጠላው ሲነካ «እሳት በሌለበት ጭስ የለም» እንላለን። ሁለት ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ርቆ በሚገኝ ነገር ላይ ግን ማናችንም ወገን የለንምና አንጎላችን ረጋ ብሎ ያስባል።

ጊዜው እ.ኤ.አ ሜይ 27 ቀን 2014 ነበር። በግሪንዊች አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ21፣ በአገራችን ደግሞ ለግንቦት 20 ቀን 2006 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ፣ ስዊፍት የተባለችው የጠፈር ቴሌስኮፕ አንድ ነገር አየሁ አለች። የጠቆመችው አቅጣጫ አንድሮሜዳ ወደምትባለው ጋላክሲ ነበር።

ስዊፍት ማን ናት? እ.ኤ.አ ኖቬምበር 20 ቀን 2004 በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ አማካይነት፣ በብሪታንያና በኢጣሊያ ተሳትፎ ወደ ምሕዋር የወጣች መሣሪያ ናት። የተሠራችበት ዋና ዓላማ የጋማ ጨረር ፍንዳታ የሚባለውን ማደን ነው። ይህ ፍንዳታ በፍጥረተ ዓለም ውስጥ ከሚታወቁት ሁሉ ኃይለኛው ብልጭታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ረዘም የሚለው ዓይነት ግዙፍ ኮከብ ሞቶ ወደ ውስጡ ሲደረመስ የሚፈጠር ነው፤ አጭሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰከንድ የማያልፈው ዓይነት ደግሞ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው ሲዋሐዱ ይፈነጥቃል። የኒውትሮን ኮከብ ማለት ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት ይዞ፣ ስፋቱ ግን ከአንድ ከተማ የማይበልጥ የሞተ ኮከብ ነው። ሱብሐነላህ! ሁለቱ ሲላተሙ የሚሆነውን አስቡት።

የአዳኟ ችግር ታዲያ የታዳኙ ችኮላ ነው። ጋማ ጨረሩ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ከእርሱ በኋላ የሚቀረው ወጋገን በኤክስሬይና በተራ ብርሃን እየደበዘዘ ሄዶ በሰዓታት ወይም በቀናት ይጠፋል። ስለዚህ ስዊፍት የሰው ትእዛዝ አትጠብቅም። ብልጭታ ያየች ሲመስላት ራሷን በራሷ ታዞራለች፣ ሌሎቹን ሁለት ቴሌስኮፖቿን ወደዚያ ታነጣጥራለች፤ በዚሁ መካከል መልእክቷ ወደ ምድር ወርዶ በየአገሩ ባሉ ተመራማሪዎች ስልክና ኮምፒዩተር ላይ ይደርሳል። ማስጠንቀቂያው የወጣው ማንም ሰው ነገሩን አይቶ ሳይፈርድበት ነው ማለት ነው። የሚያየው፣ የሚያጣራውና የሚፈርደው ሰው ከኋላ ይደርሳል።

በዚያች ሌሊት የታየው ምልክት ደካማ ነበር። መሣሪያዋ ከጩኸትና ከእውነተኛ ድምፅ ለመለየት የምትጠቀምበት መለኪያ አለ፤ ከመለኪያው በታች የወደቀ ምልክት በወትሮው አይታወጅም። ነገር ግን ምልክቱ የመጣው ከታወቀ ቅርብ ጋላክሲ በኩል ከሆነ መለኪያው ዝቅ እንዲል አስቀድሞ ተደርጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ፍንዳታዎች በአብዛኛው በቢሊዮን የብርሃን ዓመታት ርቀት ላይ የሚከሰቱ ናቸው። በጎረቤታችን በአንድሮሜዳ አንድ ቢገኝ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ዕድል ነውና «ቢጠረጠርም ይለፍ» ተባለ።

ምልክቱ አለፈ። ቀጥሎም የኤክስሬዩ ቴሌስኮፕ በዚያው አቅጣጫ አንድ ደማቅ ነገር ያየ መሰለ። በአጋጣሚ ደግሞ በዚያው ሰዓት የስዊፍት መረጃ በሚጣራበት በሜሪላንድ በሚገኘው ጎዳርድ ማዕከል ዝናብ የቀላቀለ ማዕበል መብራት አጥፍቶ ኖሮ (መብራት የሚጠፋው በእኛ አገር ብቻ የሚመስለው ካለ ይህንን ይስማ) የተሟላው መረጃ በጊዜው አልደረሰም። ተረኛዎቹ ባላቸው ጥሬ መረጃ ላይ ተመሥርተው የመጀመሪያውን መግለጫ በጥንቃቄ ቃል አወጡ። መግለጫው ለባለሙያዎች የተጻፈ ነበር፤ ይሁንና መንገዱ ለማንም ክፍት ነው።

ከዚያ ትዊተር ተረከበው። በአንድ ሌሊት ውስጥ «ሊሆን ይችላል» የነበረው «ሆነ» ተባለ። «በአንድሮሜዳ ሁለት ኮከቦች ተጋጩ!» የሚለው ዜና ዓለምን ዞረ፤ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎችም ሳይቀሩ ደስታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው እንደነበር በጊዜው የጻፉት ይመሰክራል።

በማግስቱ የተሟላው መረጃ ተገኘና እንደገና ተሰላ። ያ «ደማቅ ነገር» አዲስ አልነበረም። አስቀድሞ በመዝገብ የሰፈረ፣ ሁልጊዜም እዚያው የሚኖር የኤክስሬይ ምንጭ ሆኖ ተገኘ። ቴሌስኮፑ ከእርሱ የሚቀበለው በሰከንድ 0.065 ቅንጣት፣ ይህም በየ15 ሰከንዱ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ገደማ ነበር፤ በፊትም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ስሌት ብዙ እጥፍ የጨመረው በጥሬው መረጃ ውስጥ የሌሎች የአንድሮሜዳ ምንጮች ብርሃንና የመሣሪያው ጉድለት ስለተደባለቀበት ነው። የጋማውም ምልክት ከመለኪያው በታች የነበረ ደካማ ነገር ሆኖ ቀረ። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ በግልጽ ጽፈው አወጡ። የተጋጨ ኮከብ አልነበረም።

ለመሆኑ እዚህ ታሪክ ውስጥ የዋሸው ማን ነው?

እኔ ብዙ ካሰብኩበት በኋላ መጀመሪያ ያየሁት ነገር ማንም እንዳልዋሸ ነው። ይህ ግን ነገሩን አያቀለውም፤ ይልቅ ያከብደዋል። ከውሸት ጋር የምናደርገው ትግል የታወቀ ነው። ሐቀኛ ሰዎች ተቀባብለው ያደረሱትን ሐሰት ግን ምን እናድርገው?

የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ከሺህ ዓመት በፊት አብላልተውታል። አንድን ዘጋቢ ሲመዝኑ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር። አንደኛው ዐዳላው፣ ማለት ሐቀኝነቱና ምግባሩ ነው፤ ሌላው ደግሞ ደብጡ፣ ማለት የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የመያዝ ችሎታው ነው። ሌሊቱን በሶላት፣ ቀኑን በጾም የሚያሳልፍ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ያልዋሸ ሰው ደብጡ ደካማ ከሆነ ዘገባው ወደኋላ ይባላል። ይህ ለሰውየው ስድብ አልነበረም። ስዊፍትንም በዚህ ሚዛን ብናስቀምጣት ዐዳላዋ ላይ ጥያቄ የለም፤ ብረት ለማን ያዳላል? በዚያች ሌሊት የላላው ደብጥ ነው፤ መረጃው ሳይሟላ ተወሰደ። ሊቃውንቱ ሌላም ረቂቅ ነገር ነበራቸው። ዘገባው ደካማ መሆኑን እያወቁ ማንሳት ካስፈለጋቸው «እገሌ አለ» አይሉም፤ «ተብሏል»፣ «ተወርቷል» በሚል ለይተው ያነሱታል። ይህን የአነጋገር ስልት ሲጋተ ተምሪድ ይሉታል፤ ቃሉ ከመታመም የመጣ ነው። የታመመውን ዘገባ የታመመ ልብስ አልብሰው ይልኩታል እንደ ማለት ነው። ሰሚው ገና ከአነጋገሩ ጤነኛ አለመሆኑን ያውቃል።

እንግዲህ የ2014ቱ የመጀመሪያ መግለጫ የታመመ ልብሱን ለብሶ ነው የወጣው። መንገድ ላይ ልብሱን የገፈፉት ሌሎች ናቸው። ጥፋቱን የት እንደማስቀምጥ ብጠየቅ ያቺ «ምናልባት» የወደቀችበት ቦታ ላይ አስቀምጠዋለሁ። «ሊሆን ይችላል» ብሎ የነገረው ሰው ያለውን እውነት ተናገረ፤ «ሆነ» ብሎ ያሳለፈው ግን ከራሱ ጨመረ። የጨመረው አንድ ፊደል እንኳ ላይሆን ይችላል፤ የቀነሰው ነው ሐሰቱ። ወሬን በመጨመር ብቻ ሳይሆን በመቀነስም ማበላሸት እንደሚቻል ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን?

«ታዲያ ለምን ዝም ብለው አላጣሩም ነበር?» የሚል አይጠፋም። ይህንኑ ጥያቄ በአንድ ጁሙዓ ከመስጂድ ስንወጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቁጣ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ቁርኣን አጣሩ ብሎ አዞ የለም እንዴ? በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ላይ?» አለኝ። አዎን፣ አዟል። ይሁንና ተበዩን የሚለው ትእዛዝ ዝም በሉ ማለት ነው ወይስ ሥሩ ማለት? እኔ ሥራ ነው ባይ ነኝ። ማጣራት ሥራ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሠራተኛው የሚመጣው ሲጠራ ነው። ያ የስዊፍት መልእክት በመሠረቱ «እዩልኝ፣ አጣሩልኝ» የሚል ጥሪ ነበር። ሌሎች ቴሌስኮፖችን የሚያዝዙ ሰዎች ካልሰሙ ማን ያጣራል? ሲነጋስ ምን ይገኛል?

ዝምታ ምን እንደሚመስልም ታሪክ ያሳየናል። የመጀመሪያው የጋማ ጨረር ፍንዳታ የተያዘው እ.ኤ.አ ጁላይ 2 ቀን 1967 ነው። የያዙትም ለዚህ የተላኩ መሣሪያዎች አልነበሩም። አሜሪካ በ1963 የተፈረመው የኑክሊየር ሙከራ እገዳ ውል መከበሩን ለመከታተል ያመጠቀቻቸው ቬላ የተባሉ ሳተላይቶች ነበሩ። ሶቪየቶች በስውር ቦምብ ያፈነዱ እንደሆነ ለማየት የወጡት ዓይኖች ከቦምብ የማይገናኝ ብልጭታ አዩ። ባለሙያዎቹ ምልክቱ በየሳተላይቱ የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት እያነጻጸሩ ከምድርም ከፀሐይም እንዳልመጣ አረጋገጡና በ1973 አሳተሙ። ስድስት ዓመት! ጽሑፋቸው ሲወጣ 16 ፍንዳታዎችን የያዘ ጠንካራ ሥራ ነበር፤ አልተሻረም። አላወግዛቸውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ፍንዳታ በታየበት ሌሊት ቴሌስኮፑን ወደዚያ ያዞረ አንድም ሰው አልነበረም። ወጋገኑ መጀመሪያ የተያዘው በ1997 ቤፖሳክስ በተባለችው የኢጣሊያና የሆላንድ ሳተላይት ነው፤ ነገሩ ከሌሎች ጋላክሲዎች የሚመጣ መሆኑ በእርግጠኝነት የታወቀውም ከዚያ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ፍጥነትና ጥንቃቄ አብረው ሲሄዱ ደግሞ ምን እንደሚገኝ በኦገስት 17 ቀን 2017 ታየ። ፌርሚ የተባለችው ሌላዋ ሳተላይት ለሁለት ሰከንድ ያህል የቆየ፣ ብዙም የማያስደንቅ የጋማ ብልጭታ ያዘች፤ ማስታወቂያዋ በሰከንዶች ውስጥ ወጣ። ላይጎ የተባሉት በአሜሪካ ምድር ላይ ያሉ የስበት ሞገድ መመርመሪያዎች ከዚያ 1.7 ሰከንድ ቀደም ብሎ የሁለት የኒውትሮን ኮከቦችን ግጭት ሰምተው ነበር። ችግሩ ከሁለቱ መመርመሪያዎች በአንደኛው፣ በሉዊዚያና ባለው ላይ፣ በዚያው ቅጽበት የመሣሪያ ጩኸት ገብቶበት ስለነበር አውቶማቲኩ ሥርዓት ሁለቱን አላጋጠማቸውም። ሰዎች ተሰብስበው በዓይናቸው አዩት፤ ጩኸቱን ከድምፁ ለዩት፤ በ40 ደቂቃ ገደማ ለባለሙያዎች መልእክት ላኩ። 11 ሰዓት ያህል ቆይቶ በቺሊ የሚገኝ አንድ መካከለኛ ቴሌስኮፕ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቅ ጋላክሲ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረች ነጥብ አገኘ። ወደ 70 የሚጠጉ የምርምር ጣቢያዎች ተረባረቡ። ወርቅን የመሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በእንዲህ ያለው ግጭት እንደሚፈጠሩ ማስረጃ የተገኘው ያን ጊዜ ነው። ሰማያዊው ብርሃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከስሟል። ተመራማሪዎቹ «እስኪረጋገጥ እንጠብቅ» ብለው ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ አብዛኛው ነገር ባመለጣቸው።

ለሕዝብ በይፋ የተነገረው ግን ከሁለት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 16 ነው። (እውነቱን ለመናገር በማግስቱ በትዊተር ፍንጭ የሰጡ አንድ የታወቁ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ምላስ በፕሮፌሰርም አፍ ውስጥ ምላስ ነው።)

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር። መቸኮል የሚፈቀደው ነገሩ ሲቸኩል ነው። እኔ ቀድሜ ለመባል ስቸኩል፣ ያ ሌላ ነገር ነው። በዚያው በ2014፣ ከአንድሮሜዳው ወሬ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች 17 ቀን፣ በደቡብ ዋልታ ባለ ባይሴፕ 2 በተባለ ቴሌስኮፕ የሚሠራ ቡድን ከፍጥረተ ዓለም የመጀመሪያ ቅጽበት የመጣ የስበት ሞገድ አሻራ አገኘሁ ሲል ጋዜጠኞች ሰብስቦ አወጀ። ጽሑፉ በሌሎች ባለሙያዎች ገና አልተገመገመም ነበር። ወራት ቆይቶ ፕላንክ ከተባለችው ሳተላይት መረጃ ጋር ሲተያይ አሻራ የተባለው በዋነኝነት በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ አቧራ ሆኖ ተገኘ። እነዚህም አልዋሹም። ነገር ግን የሚያጠኑት ብርሃን ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ነው። ለአንድ ዓመት ቢጠብቁት የት ይሄድባቸው ነበር? የስዊፍት ተረኞች ወሬውን ለማውጣት ምክንያት ነበራቸው፤ ነገሩ እየከሰመ ነውና። የደቡብ ዋልታዎቹን ምን አስቸኮላቸው? መልሱን ለእነርሱ ሕሊና ልተወው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአገራችን አባባል ግን በትክክል የሚያርፈው እንዲህ ያለው ላይ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ የረመዷንን ጨረቃ ስንጠብቅ የምንኖረው ኑሮ ነው። አዲስ ጨረቃ ፀሐይ ከገባች በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የምትታይ ቀጭን ክር ናት። አየሁ የሚል ሰው «ነገ ላረጋግጥ» ቢል ነገ ሌላ ጨረቃ ናት። ስለዚህ ምስክሩ በዚያው ምሽት መናገር ግድ ይለዋል፣ ቃዲውም በዚያው ምሽት መወሰን ግድ ይለዋል። ፉቀሃእ ለዚህ ያስቀመጡት መለኪያ ያስደንቀኛል። በሻፊዒይና በሐንበሊ መዝሀብ በታወቀው አቋም ረመዷንን ለመጀመር የአንድ ታማኝ ሰው ምስክርነት ይበቃል፤ ጾሙን ለመፍታት ግን ሁለት ያስፈልጋል። መለኪያው የሚወጣውና የሚወርደው ስሕተቱ በሚያስከትለው ጉዳት ልክ ነው። አንድ ቀን አብልጦ መጾምና የረመዷንን ቀን መብላት እኩል አይደሉምና። ስዊፍት ለአንድሮሜዳ መለኪያዋን ዝቅ ማድረጓም በዚህ ዓይን ሲታይ ትክክል ነው፤ ለተመራማሪ ስሕተቱ አንድ የባከነ ሌሊት ብቻ ነው፤ መታለፉ ግን የዕድሜ ልክ ጸጸት ነው። ዜናውን ለሚያነብ ሕዝብ ግን ሚዛኑ የተገለበጠ ነው። እርሱ ሌሊቱን ነቅቶ ቢያውቀው የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሐሰት ቢያምን ግን ይጎዳል። አንዱ ወሬ ለአንዱ ሰው በአንድ ምስክር ይበቃል፣ ለሌላው ግን ሁለት ያሻዋል ማለት ነው። ይህን ያልለየ ሰው ነው የባለሙያውን የሌሊት ጥሪ በአደባባይ እንደ ዐዋጅ የሚያነበው።

ተማሪው በዚህ አልረካም። «እንግዲያው ጥሪው ለባለሙያ ብቻ ይላክ፣ በር ይዘጋ» አለኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሰዎች «ምናልባት»ን እንደሚጥሏት እያወቀ በአደባባይ የሚናገር ሰው ከመውደቋ ነፃ ነውን? ሕፃናት በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ቢላ አስቀምጦ «እኔ አልቆረጥኩም» ማለት ይቻላልን? እኔ ተናጋሪው የተወሰነ ኃላፊነት አለበት እላለሁ፤ ቃሉን አጥርቶ መናገር፣ ለማን እንደሚናገር ማሰብ፣ ሲሳሳትም መጀመሪያ በተናገረበት ቦታ ማረም አለበት። በሩን ዝጉ በሚለው ግን አልስማማም። ስሕተቱ በአደባባይ የታረመው በዚሁ ክፍት በር ነው። ተመራማሪዎቹ መረጃውን እንደገና አስልተው እርማቱን ሁሉም በሚያየው ቦታ አወጡ። በተዘጋ በር ውስጥ የተሠራ ስሕተት ማንም ሳያየው ያረጃል።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን፣ አስተላላፊው ነው። አንድ ሙጅተሂድ የሚችለውን ጥሮ ቢሳሳት አንድ አጅር፣ ቢያገኝ ሁለት አጅር እንዳለው ሁላችንም ሰምተናል። በዚህ ቃል ስንጽናና ግን የማን መሆኑን እንረሳለን። አጅሩ የተባለው ለጣረ ሰው ነው። ስልኩን ከፍቶ በአውራ ጣቱ ያሳለፈ ሰው ምን ጣረ? በተለይ በዛሬው የቴሌግራምና የፌስቡክ ዘመን ይህ በየቤታችን የገባ ጉዳይ ነው። በሰፈራችን በሕይወት ያሉ አንድ አዛውንት «ሞቱ» ተብሎ ተወርቶ፣ ልጃቸው ከጅዳ እያለቀሰች ስትደውል ስልኩን ያነሱት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ወሬውን ያሰራጩት ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ አላህ ይወቅ፤ ማስተባበያውን ያሰራጩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው ክፉ አልነበረም። አብዛኛው «ኢንና ሊላህ» ብሎ ነው ያሳለፈው። ደግነቱ ግን ማስተባበያውን በማሳለፍ አልተደገመም፤ ማስተባበያ የሚያስለቅስም የሚያስደንቅም ነገር የለውምና።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ለሚፈልግ የአንድሮሜዳ የራሷ ታሪክ ይበቃል። ይህችን ጋላክሲ በጽሑፍ በማስፈር ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው ዐብዱረሕማን አስሱፊ ነው። እ.ኤ.አ በ903 በረይ ተወለደ፤ በኢስፋሃን በቡወይሂዩ ገዢ በዐዱዱ ደውላ ዘመን ሠራ፤ በ964 ገደማ ስለ ቋሚ ከዋክብት የጻፈው መጽሐፍ የበጥሊሞስን የኮከብ መዝገብ ወስዶ በራሱ ዓይን እያየ የከዋክብቱን ድምቀት ያረመበት ነው። አስሱፊ አንድሮሜዳ ባለችበት ቦታ ትንሽ የደመና ጠብታ የምትመስል ነገር አየና ትንሽ ደመና ብሎ መዘገባት። በቃ። ምን እንደሆነች አልፈለሰፈም። ኤድዊን ሀብል በ1923 በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን ያነሳው ፎቶግራፍ ያቺ «ትንሽ ደመና» ከእኛ ጋላክሲ ውጪ ያለች ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗን ለማሳየት መንገድ ሲከፍት የአስሱፊ ቃል አልተሻረም። ደመና መሰለች አለ እንጂ ደመና ናት ብሎ አልማለም። በዘመኑ የነበረው ዓይን ያየውን ያህል ተናግሮ ቆመ። በዚያችው ጋላክሲ ላይ ከሺህ ዓመት በኋላ፣ ከእርሱ ዓይን እጅግ በሚበልጥ መሣሪያ፣ በአንድ ሌሊት የተባለው ግን እስከ ማግስቱ አልቆየም።

መሣሪያው ሲረቅ ሰው አብሮ እንደማይረቅ የተረዱ ሳይንቲስቶች ራሳቸውን የሚፈትኑበት መንገድ አበጅተዋል። ላይጎዎች በሴፕቴምበር 2010 አንድ ሐሰተኛ ምልክት በስውር በመሣሪያቸው ውስጥ አስገቡ። መግባቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ለወራት ደከሙበት፤ የሚታተመውን ጽሑፍ ሳይቀር አዘጋጁ። በማርች 2011 ተሰብስበው ፖስታው ሲከፈት ምልክቱ የተተከለ ፈተና መሆኑ ተነገራቸው። ስለ ኢማም አልቡኻሪ (ረሒመሁላህ) የሚተረከው ትዝ አላላችሁም? ባግዳድ ሲገቡ አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው አሥር ሐዲስ ይዘው፣ የአንዱን ሰነድ ከሌላው ቃል ጋር አደባልቀው አቀረቡላቸው። ኢማሙ እያንዳንዱን «አላውቀውም» እያሉ ሰምተው ከጨረሱ በኋላ መቶውንም ወደየሰነዱ መለሱት ይባላል። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚያደንቀው መቶውን መመለሳቸውን ነው። እኔ የምደነቀው በመቶው «አላውቀውም» ነው። በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት፣ ዝናቸው ለፈተና በቀረበበት ጉባኤ፣ መቶ ጊዜ «አላውቀውም» ማለት!

ጥንቃቄ ሲበዛም ይስታል፤ ይህን ካልጨመርኩ ሚዛኔ ይዛባል። በኦክቶበር 9 ቀን 2022 ስዊፍት ሌላ ብልጭታ አየች። መጀመሪያ የተገመተው በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ ተራ የኤክስሬይ ምንጭ ነው ተብሎ ነበር። ሰዓታት ቆይቶ ነው ፌርሚ ከእርሷ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማ የያዘችው ኃይለኛ ፍንዳታ ከዚያው ቦታ መሆኑ የተስተዋለው። ርቀቱም ሁለት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ሆነ። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ ደማቁ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ይኸው ነው። ታናሽ ነው የተባለው ከሁሉ የበለጠ፣ ታላቅ ነው የተባለው ደግሞ ምንም ያልሆነባቸው ሁለት ሌሊቶች በአንዲት ቴሌስኮፕ ላይ መሆናቸው ይገርመኛል።

የ2014ቱ ማስጠንቀቂያ ቁጥር 600114 ነው። ተመራማሪዎቹ የመጀመሪያውን መግለጫ አልሰረዙትም። ማረሚያውን አስከትለው አወጡበትና ሁለቱም በመዝገቡ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛውን ያነበበ ሰው ትንሽ ወረድ ብሎ ሁለተኛውን ያገኛል። በየስልኩ የተላለፈው «ኮከቦች ተጋጩ» የሚለው ግን ከሥሩ ምንም አልተጻፈበትም።